በጎ ሐሳብ ምክክርን ይተካል ወይ?

ለሰው መልካም ለማድረግ ሰውየውን መጠየቅ ያስፈልጋል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የተራበን ለማብላት፣ የወደቀን ለማንሣት ማን ፈቃድ ይጠይቃል ይባል ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ ከአንድ ቁራሽ እንጀራ አልፎ የሰውን እርሻ፣ የልጁን ትምህርት ቤትና የዕለት ሥራውን ወደ መለወጥ ሲሸጋገር መልሱ ያን ያህል ቀላል አይሆንም። ባለፉት ስድሳ ዓመታት በአገራችን ከላይ ወደ ታች የወረዱት ዕቅዶች አብዛኞቹ በክፋት የታሰቡ አልነበሩም። የተማሩ ሰዎች የነደፏቸው፣ በጀት የተያዘላቸው፣ ብዙውን ጊዜም ሕዝቡን ከችግር ለማውጣት የታለሙ ነበሩ። ታዲያ በጎ ሐሳብ፣ ዕውቀትና ገንዘብ ተሟልተው ሳለ ውጤቱ ለምን ከታሰበው ይርቃል?

ይህን ጥያቄ በባዶ ሜዳ ላይ ሆኖ መመለስ ስለማይቻል አንድ አገር ይዘን እንነጋገር። እኔ ለሥራ ጉዳይ ደጋግሜ የተመላለስኩበትን ወላይታን መርጫለሁ። የወላይታን ገበሬ ቤት ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው ከጎጆው ጀርባና ጎን እንሰቱ ተተክሎ ይታያል። የከብቱ ፍግ የሚበተነው በዚሁ በቤቱ ዙሪያ ባለው መሬት ላይ ነው። ባላገሩ ይህን ለም የጓሮ መሬት «ዳርኮዋ» ይለዋል። ከቤት ራቅ ያለውና ፍግ የማይደርሰው ደግሞ «ሾካ» ይባላል። በአንድ ቤተሰብ ይዞታ ውስጥ፣ ያውም ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ፣ ሁለት ዓይነት አፈር፣ ሁለት ዓይነት አያያዝና ከአምስት የማያንስ የሰብል ዓይነት ይገኛል። እንሰቱ የክፉ ቀን ተቀማጭ ነው። ስኳር ድንቹ በቆሎው እስኪደርስ ያለውን የረሃብ ወር ያሻግራል። ጎደሬው፣ ቡናውና ባቄላው የየራሳቸው ጊዜና ሥራ አላቸው። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የሰፈረ አይደለም። ነገር ግን የተጠና ሥርዓት ነው።

ዘመናዊ ዕቅድ ወደዚህ አገር በሰፊው የገባው በ1962 ዓ.ም. ነበር። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመውና በአሕጽሮት «ዋዱ» ተብሎ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ሥራውን የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በአርሲ በስዊድን ርዳታ የተመሠረተው የጭላሎው «ካዱ» ታላቅ ወንድሙ ነበር ማለት ይቻላል። ዋዱ የተሻሻለ የበቆሎ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አከፋፈለ፤ መንገድ ሠራ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን አደራጀ። ሕዝቡ ከተጨናነቀበት ደጋም ሰዎችን ወስዶ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ በሚገኘው በአበላ ቆላ አሰፈረ። ምርት ጨምሮ እንደነበር አይካድም። በዕድሜ የገፉ የሶዶ ሰዎች ዋዱን ሲያነሡ እስከ ዛሬ ድምፃቸው ይለዝባል። ሆኖም ድርጅቱ በ1970ዎቹ ውስጥ ሲያበቃ ዘሩን ማን ያቅርብ? ብድሩን ማን ይስጥ? መንገዱን ማን ይጠግን? ሥራው በድርጅቱ እንጂ በገበሬው ስላልቆመ ባለቤቱ ሲሄድ ንብረቱም አብሮ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1984 ወላይታ ሲራብ ዋዱ ከተዘጋ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ድርቁንም ሆነ ረሃቡን ዋዱ አመጣው እያልኩ አይደለም። የተናገርኩት የሚተርፍ ነገር ተክሎ አለመሄዱን ብቻ ነው። በወላይታ ከ1960ዎቹ እስከ 2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተካሄዱትን የልማት ጣልቃ ገብነቶች አንድ በአንድ የመረመሩት ደሳለኝ ራህመቶ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ጥናት በማኅበራዊ ጥናት መድረክ በኩል ወጥቷል። አንባቢ ቢያገኘውና ቢያነበው እወዳለሁ። አንዱ ዕቅድ ሌላውን እየተካ የመጣበትን ረጅም ሰልፍ በአንድ ቦታ ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ከዋዱ በኋላ የመጣውን ደግሞ እንመልከት። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት በ1985 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገባ። መንግሥትም የእርሱን ተሞክሮ አስፍቶ በ1987 ዓ.ም. አዲስ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ አወጀ። ገበሬው ከማዳበሪያውና ከዘሩ ዋጋ ሩቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን ምርት ሲሰበሰብ ይመልሳል። ሠርቶ ማሳያው ግማሽ ሄክታር ነበር። ግማሽ ሄክታር ማለት ሁለት ጥማድ ነው። ለአርሲ ወይም ለጎጃም ገበሬ ይህ ከመሬቱ ጥቂቱ ነው። ለብዙ የወላይታ አባወራ ግን ቤቱ ከቆመበት ጀምሮ ያለው መሬት በሙሉ ነው። ፓኬጁም በቆሎን፣ ስንዴንና ጤፍን በቅድሚያ ያስብ ስለነበር እንሰቱና ስኳር ድንቹ ቦታ አላገኙም። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዝናብ በሰጠባቸው ዓመታት ምርቱ ጥሩ ነበር። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ግን በቆሎ በአገሪቱ ሞልቶ ዋጋው ወደቀ። ገበሬው ኩንታሉን ሸጦ የማዳበሪያውን ዕዳ መሸፈን አቃተው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ተከተለ። ዕዳውን ለመክፈል በሬውን የሸጠ ብዙ ነው። የታሰሩም ነበሩ። ወለዱን ለሌላ ቀን ልተወውና አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ዕቅዱን ያወጣው ባለሙያ ደመወዙ ተቀነሰበት? ዒላማውን ያጸደቀው ኃላፊ በሬውን ሸጠ? ማዳበሪያውን ያስገባው ነጋዴስ? ከሁሉም ውስጥ ኪሳራውን ብቻውን የተሸከመው ያልተጠየቀው ሰው ነው። በእኛ የንግድ ሥርዓት ውስጥ ሙዷረባ የሚባለውን ውል ብዙ አንባቢዎች ያውቁታል። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት ይዞ ሲዋዋል ሠራተኛው አላጠፋም እስከተባለ ድረስ የገንዘቡ ኪሳራ በገንዘቡ ባለቤት ላይ ነው፤ ሠራተኛው ልፋቱን ይከስራል። የዚህ ውል ፍትሕ ግልጽ ነው። ሐሳብና ገንዘብ ያመጣ ሁሉ ከጉዳቱም ድርሻውን ይወስዳል። የፓኬጁ ብድር የተገነባው በተቃራኒው መሠረት ላይ ነበር።

ከእርሻ ወደ ትምህርት ቤት እንለፍ። እዚህ ላይ የወላይታ ታሪክ ለመላው አገሪቱ መማሪያ መሆን ነበረበት ብዬ አምናለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር በአንድ ይተዳደሩ ነበር። የአራቱ ቋንቋዎች ተቀራራቢ ናቸው። ይህ የቋንቋ ሊቃውንትም የሚመሰክሩት እውነት ነው። ስለዚህ ለአራቱም አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ቢዘጋጅ የኅትመት ወጪ ይቀንሳል፣ የመምህራን ሥልጠናም ይቀላል ተባለ። ከአራቱ ስሞች የመጀመሪያ ፊደላት ተወስደው «ወጋጎዳ» የሚባል ስም ተፈጠረ፤ መጽሐፉም ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ተሰራጨ።

ሐሳቡን በወረቀት ላይ ብቻ ላየው ሰው ሞኝነት አልነበረበትም። በጀት ይቆጥባል፤ ምክንያታዊም ነው። ግን አንድ የወላይታ እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣውን መጽሐፍ ስታዳምጥ የቤቷን ቋንቋ አላገኘችበትም። የማንም እናት ያልተናገረችው ቋንቋ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች ግንባር ቀደም ሆነው ተቃወሙ፤ ሶዶ ከተማ ታወከች፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተሰበሰበ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ወጪ ለመቆጠብ የተጀመረው ነገር የታተመውን መጽሐፍ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በምንም ሒሳብ የማይተመነውን የሰው ነፍስ አስከፈለ። መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት በየትምህርት ቤቱ ወላጆች ተሰብስበው «ይህን ቋንቋ የእኛ ነው ትሉታላችሁ?» ተብለው ቢጠየቁ መልሱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገኝ ነበር።

ሦስተኛው መስክ የሥራ ቦታ ነው። በመሥሪያ ቤት የሚውል አንባቢዬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። በየጊዜው አንድ አዲስ የአመራር ዘዴ ይመጣል። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ መጣ፤ ቀጥሎ ውጤት ተኮር መጣ፤ ከዚያ የለውጥ ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ ካይዘን። የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም እኔም ተስፋ ካደረጉት አንዱ ነበርኩ። ምክንያቱም የካይዘን ፍሬ ነገሩ ማሽኑ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ የሚያየውን ጉድለት ተናግሮ በትንሽ በትንሹ እንዲያሻሽል መፍቀድ ነው። ከሥር ወደ ላይ የሚሄድ ዘዴ ነው። እኔ በተመለከትኳቸው አንዳንድ ቦታዎች ግን እርሱም እንደሌሎቹ በደብዳቤ ትእዛዝ ወረደ። አምስቱ «ማ»ዎች በግድግዳ ላይ ተለጠፉ፤ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰመረ፤ የሐሳብ መስጫው ሣጥን ግን አቧራ ለብሶ ተቀመጠ።

በአንድ ወቅት የምሠራበት መሥሪያ ቤት የአሠራር ለውጥ ጥናት ሲካሄድበት የሆነውን ላውጋችሁ። አጥኚዎቹ ለወራት ተቀምጠው ባለጉዳይ የሚጓዝበትን እርምጃ ሳይቀር ቆጠሩ። በመጨረሻም መዝገብ ቤቱ ወደ ሦስተኛ ፎቅ እንዲወጣ ተወሰነ፤ ፋይል ከሚፈርሙት ኃላፊዎች ጋር ይቀራረባልና። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ሁላችንም «እትዬ» የምንላት፣ በዚያ ክፍል ሃያ ዓመት ያገለገለች ሴት ነበረች። «ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው ጡረተኛ ነው፤ ደረጃ እንዴት ይወጣል?» ስትል የሰማናት እኛ በሻይ ሰዓት ነው። በስብሰባው ላይ አልተናገረችም። የተሰጣት ቅጽ የሥልጠናውን ጥራት ከአንድ እስከ አምስት እንድትለካ እንጂ የምታውቀውን እንድትጽፍ ቦታ አልነበረውም። ዓመት ሳይሞላ መዝገብ ቤቱ ወደ ምድር ቤት ተመለሰ። በዚያው ሩብ ዓመት የወጣው ሪፖርት ስለ መመለሱ አንድም ቃል አልነበረውም፤ ለውጡ መቶ በመቶ መተግበሩን ግን ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ። ጠንካራ ተቃውሞ ስለሆነ አላልፈውም። «ሁሉን ጠይቀህ መቼ ትሠራለህ? ባላገሩ ሁሉን ያውቃል ማለትስ የዋህነት አይደለም?» የሚል ነው። እውነት አለው። የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚመጣው ከባክቴሪያ መሆኑን የለዩት በላቦራቶሪ የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ የታመመውን እንሰት የቆረጠው ቢላ በእሳት ካልተለበለበ በሽታውን ወደ ጤናማው እንደሚያሻግር ለገበሬው የነገሩትም እነርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የወላይታን ዝንጅብል ያጠፋው አጠውልግ በመጣ ጊዜም የገበሬው ልምድ ብቻውን አላዳነውም። ለዘመናት ያላየው ጠላት ነበርና። ረሃብ ሲገባም ስብሰባ ጠርቶ ድምፅ የሚቆጥር ሰው ጥፋተኛ ነው።

የምክክሩ መድረክም ቢሆን ከጉድለት የጸዳ አይደለም። ወላይታ ጉታራ የሚባል ሕዝብ የሚሰበሰብበትና የሚመካከርበት ነባር ሥርዓት አለው። ነገር ግን እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ሸንጎዎች ሁሉ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ድምፅ የሚገንንበት ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምታብላላው፣ የትኛው ዝርያ ለየትኛው ምግብ እንደሚሆን የምታውቀው ሴቷ ናት። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ደግሞ ለረጅም ዘመን ከዳር ተደርገው የኖሩ ናቸው። ስለዚህ «ሕዝቡን አማከርን» የሚል ሁሉ የትኛውን ሕዝብ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሆኖም ተቃውሞው የሚያስረዳው ዕውቀት ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው እንጂ ምክክር አላስፈላጊ መሆኑን አይደለም። ባለሙያው ነገሩን ያውቃል። ባለቤቱ ደግሞ ሸክሙን ያውቃል። ማዳበሪያ በቆሎን እንደሚያሳድግ ባለሙያው ይናገር፤ በአንዱ ጥማድ ላይ እንሰቱን ነቅሎ በቆሎ ቢዘራ በሰኔ ልጆቹ ምን እንደሚበሉ ግን የሚያውቀው አባትየውና እናትየው ናቸው። አንዱ ዕውቀት ሌላውን አይተካም። ባለሙያው የራሱን ተናግሮ የሌላውን ካልሰማ የያዘው ግማሽ ዕውቀት ነው፤ በግማሽ ዕውቀት ላይ ሙሉ ትእዛዝ መስጠት ደግሞ ግፍ ይሆናል። በጎ ሐሳብ ነበረኝ ማለትም ከዚህ ግፍ ነጻ አያወጣም። ኒያ የሠሪውን ሥራ በጌታው ዘንድ ይመዝናል፤ የተጎዳውን ሰው መብት ግን አይሰርዝም።

ሙስሊም አንባቢዬ የመዲናን የተምር ገበሬዎች ታሪክ ያስታውሳል ብዬ እገምታለሁ። ገበሬዎቹ የወንዱን ተምር አበባ ከሴቷ ጋር እያገናኙ ያዳቅሉ ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህ ብዙም የሚጠቅም እንዳልመሰላቸው ተናገሩ። ገበሬዎቹም ተዉት። የዚያ ዓመት ምርት ቀነሰ። ነገሩ ሲነገራቸው በዱንያ ጉዳያቸው ላይ እነርሱ ይበልጥ አዋቂዎች መሆናቸውን ነገሯቸው። ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የመጨረሻው ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን መካከሉ ነው፤ ምርቱ መቀነሱ የተነገረበት ሁኔታ። ከእርሳቸው በላይ የሚከበርና የሚታዘዙት ሰው በዚያች ከተማ አልነበረም። ገበሬዎቹ ግን ፈርተው «ምርቱ ጨምሯል» አላሉም። መጥፎው ወሬ ያለ ማስተካከያ ደረሰ፤ የደረሰውም ወሬ የተናገረውን አላስቀጣም። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚሄደውን የእኛን ሪፖርት ከዚህ ጋር አስተያዩት። በየደረጃው ቁጥሩ እያማረ ይሄዳል፤ ከላይ ሲደርስ ድርቁ ጠፍቶ አረንጓዴው ብቻ ይቀራል። በ2000 ዓ.ም. የበልጉ ዝናብ ቀርቶ የወላይታ ሕፃናት በረሃብ ሲከሱ ዙሪያው አረንጓዴ ነበር። በመኪና መስኮት የሚያይ ሰው ረሃብ አለ ብሎ አያምንም ነበር። ያንን የሚያውቀው ባለ ጎጆው ብቻ ነው፤ እርሱም የሚናገርበት መንገድ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ሦስት ግዴታዎች ይወጣሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛ፣ ሸክሙ የሚወድቅበት ሰው ዕቅዱ ሳይጸድቅ በፊት ይጠየቅ። ካጸደቁ በኋላ «ግንዛቤ ማስጨበጥ» መጠየቅ አይደለም። መጠየቅ የሚባለው መልሱ ዕቅዱን ሊለውጠው የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ የሚወስነው ወገን ከኪሳራው ይካፈል። ዕዳውን መካፈል ባይችል እንኳ ምርት በጠፋበት ዓመት መክፈያውን ማራዘም፣ ሠርቶ ማሳያውን በራሱ ወጪ መሞከር ይችላል። ሦስተኛ፣ መጥፎ ወሬ ያመጣ ሰው አይቀጣ። ይህ ሦስተኛው ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከንቱ ናቸው፤ የሚፈራ ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው የጠያቂውን ፍላጎት ነውና። አስቸኳይ ጊዜ ሲመጣ የመጀመሪያው ሊያጥር ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በአስቸኳይም ጊዜ አይቀሩም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ መንግሥትና ስለ ለጋሽ ድርጅቶች ስለ ነበር ምናልባት አንባቢ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይሆናል። ሶዶ ዛሬ፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ከአዲሱ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። ብዙ ቢሮ፣ ብዙ ዕቅድና ብዙ ሥልጠና ይመጣባታል። ትምህርቱን የሚሹት በእርግጥ በመጀመሪያ እነዚያ ቢሮዎች ናቸው። ነገር ግን ሱቁ ውስጥ ሦስት ልጆች ቀጥሮ የሚያሠራ ነጋዴ ወንድማችንስ? የመዝጊያውን ሰዓት ከምሽቱ ሦስት ወደ አራት ሲያዛውር ልጆቹ በምን ታክሲ ቤታቸው እንደሚገቡ ጠይቋል? የመድረሳ ኮሚቴያችን የትምህርቱን ጊዜ ሲለውጥ፣ ክፍያ ሲጨምር፣ ኡስታዝ ሲያነሣ ወላጆችን የሚሰበስበው ከመወሰኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሴቶቹ ወላጆችስ የሚናገሩበት መድረክ አላቸው? አባትስ ልጁን የሚያስመዘግብበትን የትምህርት መስክ ሲመርጥ ልጁ አጠገቡ ተቀምጧል?

ሁላችንም በአንድ በኩል የምንታዘዝ፣ በሌላ በኩል የምናዝዝ ሰዎች ነን። ያልተጠየቀ ሰው ምን እንደሚሰማው ከመሥሪያ ቤታችን እናውቀዋለን። በዚህ ሳምንት በእጃችን ካለው ውሳኔ አንዱን እንውሰድና ከመፈረማችን በፊት የሚመለከተውን ሰው ጠርተን «አንተ እንዴት ታየዋለህ?» እንበለው። መልሱ ሐሳባችንን የሚያፈርስ ሊሆን ይችላል። ያንን መልስ እስከ መጨረሻው ቃል የመስማት ትዕግሥት አለን?